አንበጣ ያልበላው ዛፍ



እኛ የቀየት ልጆች ሣር ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን የመንዙ ጓሳ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ በድርቅ ጊዜ ከብት ይሰማራበታል። አባቶች «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቁት ኖረዋል። በ2001 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ግን ማንም ሊከለክለው የማይችል እንግዳ መጣበት፦ የበረሃ አንበጣ። በቦታው የነበሩ ተመራማሪዎች እንደጻፉት ጭላዳውም፣ ቀይ ቀበሮውም፣ ቁራውም አንበጣውን ሲለቅሙ ነበር። የሰው መከላከያ ያው የምናውቀው ነው፤ ጩኸት፣ ጅራፍ፣ ጭስ፤ ሲብስ ደግሞ ከአውሮፕላን የሚረጭ መርዝ። መርዙ ደግሞ አንበጣና ንብ አይለይም።

ሌላ መንገድ የታየው ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሄንሪክ ሽሙተረር የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ አንበጣ ያገኘውን ሁሉ ሲያራቁት አንድ ዛፍ ብቻ ቅጠሉን እንደያዘ ቆሞ አየ። ኒም ነበር። አንበጣው ያርፍበታል፣ ግን አይበላውም። ሱብሓነላህ! በ1968 እንግሊዝ አገር በኪል ዩኒቨርሲቲ ቡተርዎርዝና ሞርጋን ምሥጢሩን ከፍሬው ለይተው አወጡ፤ የፈተኑትም በዚያው በበረሃ አንበጣ ነው። አዛዲራክቲን አሉት። ቃሉ ከፋርስኛ የመጣ ነው፤ «አዛድ ዲራኽት»፣ ነጻ ወይም ክቡር ዛፍ ማለት ነው።

ዛፉን በዓይን የምታውቁት ሳይኖራችሁ አይቀርም። በዐረፋ ሜዳ ለሐጃጆች ጥላ የሆነው እሱ ነው፤ አንድ የሳዑዲ በጎ አድራጊ 50,000 ኒም አስተክሎበታል።

የሚያስቆጨው ቀጥሎ የሆነው ነው። ሕንዶች ኒምን ስንት ዘመን ሲጠቀሙበት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ግሬስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከአገሩ ግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ከኒም ዘይት ለሚሠራ የሰብል ሻጋታ መከላከያ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ። ሕንዶች ተሟገቱ። ፓተንቱ በ2000 ተሰረዘ፤ ይግባኙም በ2005 ውድቅ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት፣ የአያትን እውቀት የአያት ነው ለማሰኘት!

ኒም የቀየትን ውርጭ አይችልም፤ ፍሬው ከቆላ ይመጣል። እኛ ከድሬዳዋ በዘመድ አስመጥተን በመስጊዳችን ግቢ ሣር ላይ ሞክረነዋል። ግማሽ ኪሎ የደረቀ ፍሬ ወቅጠን፣ በ10 ሊትር ውኃ አሳድረን፣ በነጠላ አጥልለን፣ ከመግሪብ በፊት ረጨነው፤ ፀሐይ ኃይሉን ቶሎ ያጠፋዋል። ትሉ ወዲያው አይሞትም፤ መብላት ያቆማል፣ ቆዳውን መቀየር ያቅተዋል። በክንፉ የሚበርን የአንበጣ መንጋ ግን አይመልስም፤ የሚሠራው ገና ሳይበር፣ በኩብኩባነቱ ነው።

ወላሁ አዕለም።