ስለ ዝዋይ ሐይቅና ስለ ደሴቶቹ የተጻፈ አጭር ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የዝዋይን ሐይቅ በልጅነቱ ያየ ሰው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ ቢጎበኘው ደሴቶቹን በየስፍራቸው ያገኛቸዋል። ደምበል ተብሎም የሚጠራው ይህ ሐይቅ ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ9 ሜትር እምብዛም አያልፍም። በምዕራብ መቂ፣ በምሥራቅ ካታር የሚባሉት ወንዞች ይገቡበታል። በደቡብም ቡልቡላ የሚባለው ወንዝ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አቢጃታ ሐይቅ ይወርዳል።

በሐይቁ ውስጥ አምስት ደሴቶች አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ጉዶ ሲሆን የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን የተተከለችው በእርሱ ላይ ነው። በዮዲት ዘመን ካህናተ አክሱም ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት እንደ ተሰደዱ ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት ይናገራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ሲቃጠሉ፣ በደሴቱ የነበሩት የብራና መጻሕፍት ውኃው እንደ ቅጥር ሆኖላቸው ተረፉ። ጠባቂዎቻቸውም የዛይ ሕዝብ ነበሩ። እነርሱም በቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመዱ፣ የደሴቱን ተዳፋት በድንጋይ እርከን ከልለው የሚያርሱ፣ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ናቸው። አፄ ምኒልክ ገና ንጉሠ ሸዋ ሳሉ አርሲን በ1878 ዓ.ም. ገደማ ካስገበሩ በኋላ ከደሴቱ ወደ የብስ የሚወጣው ሰው እየበዛ ሄደ። በኋላ ዘመንም ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በ1982 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በዚሁ በሐይቁ አገር ካህናትን ሰብስበው አስተምረዋል። ስለዚህ ዝዋይ በጥንት ዘመን መጻሕፍት የተጠበቁበት፣ በቅርብ ዘመንም መምህራን የወጡበት አገር ነው።

የውኃው ታሪክ ግን ከሰው ታሪክ ይቀድማል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ዝናሙ ሲያንስ ውኃው ጐደለና አራት ሆኑ። ቢለያዩም አንዱ ለአንዱ መስጠቱን አልተወም። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ የሚገባበትን ውኃ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ጨውና ሶዳውም በውስጡ ይቀራል። ስለዚህ ሕይወቱ በየዓመቱ በሚወርድለት ንጹሕ ውኃ ላይ የተመሠረተ ነው። በአጠገቡ ያለው ሻላ ጥልቀቱ 266 ሜትር ነው። ከምንቃራቸው ሥር ከረጢት ያላቸው፣ ፔሊካን የሚባሉት ታላላቅ ነጫጭ ወፎች በሻላ ደሴት ላይ ጫጩት እየፈለፈሉ ምግባቸውን ከአቢጃታ ዓሣ ያገኙ ነበር።

ተመልሶ የጎበኘውን ሰው የሚያሳዝነው ነገር በዚህ ይገለጣል። አቢጃታ በ1960ዎቹ ዓ.ም. 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው፤ ዛሬ ግን እኩሌታው እንኳ አልቀረለትም። በዝዋይ ዙሪያና በወንዞቹ ዳር ለመስኖ የሚሳበው ውኃ ስለ በዛ በቡልቡላ የሚወርደው አነሰ፤ ሶዳ ለማውጣትም ከአቢጃታ ከራሱ ውኃ ተቀዳ። የቀረው ውኃ ጨው ሲበዛበት ዓሣው አለቀ፤ ወፎቹም ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ድረስ የሚበሩ ሆኑ። ቲማቲምና ሽንኩርት ለማጠጣት ከላይ የሚቀዳው ገበሬ ልጆቹን ለማሳደግ ይደክማል እንጂ ክፉ አላሰበም፤ ነገር ግን በወንዙ መጨረሻ ያለውን አያይም።

ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ ምድር የምታርፍበት፣ የተወሰደውም ለባለቤቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። ይህን በዓል የሚያከብር ምእመን ይህን ነገር ልብ ሊለው ይገባል። በክፉ ዘመን ውኃው መጻሕፍቱን ጠበቀ፤ ዛሬ ደግሞ ጠባቂ የሚሻው ውኃው ራሱ ነው። ከመስኖው ቀንሶ ለቡልቡላ ድርሻውን የሚተው ሰው፣ በደብረ ጽዮን መጻሕፍቱን የጠበቁት አባቶች ባልንጀራ ይሆናል።