የዋሻ ታሪክ ስለሚባለው ጨዋታ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን ተሸክሞ ገበያ የሚደርስ ሰው ይገኛል። እኔም ዛሬ ለእናንተ ለወጣቶች የምጽፈው ከእንደነዚህ ያሉት ስለ አንዱ፣ ስለ ጃፓናዊው ስለ ዳይሱኬ አማያ ነው። ሥራው ድልድይ ወይም ቤተ መንግሥት አይደለም፤ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ጨዋታ በታሪክ ሊነሣ አይገባውም የሚል ሽማግሌ ቢኖር፣ ገበጣንና ሰንጠረዥን ይህን ያህል ዘመን ማን እንዳቆያቸው ይንገረኝ።

አማያ የጀመረው ተማሪ ሳለ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ደመወዝተኛ ከሆነም በኋላ፣ ከሥራ በተረፈችው ሰዓት እየቀጠለ አምስት ዓመት ያህል ቆየበት። ሥዕሉን ሣለ፤ ዜማውን ደረሰ፤ ታሪኩን ጻፈ፤ ኮምፒውተሩ የሚታዘዝበትንም ፕሮግራም እርሱው አሰናዳ። ለዜማው መድረሻ የሚሆን መሣሪያ ባስፈለገው ጊዜ ያንንም ራሱ ሠራ። በመጀመሪያ የነበረው የመክፈቻው ዜማና የባለታሪኩ እርምጃ ብቻ ነው፤ ዋሻ የሚባል ሐሳብ እንኳ አልነበረም። ግድግዳ የከበባቸውን ክፍሎች እየደረደረ ሲሄድ ዋሻ መሰሉት፤ ጨዋታውም «ዶኩትሱ ሞኖጋታሪ»፣ ይኸውም «የዋሻ ታሪክ» ተባለ። ሳያቅዱ መጀመር ግን ዋጋ አለው፤ መረጃው የሚደራጅበትን መንገድ ከመነሻው ስላላሰበበት፣ ኋላ አንዱን ነገር ለማረም ብዙ ደክሟል።

ዲሴምበር 20 ቀን 2004 (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ጨዋታውን ለሕዝብ በነፃ ሰጠ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ብዙ ሠራተኛ አሰልፈው በሥዕል ግርማ በሚፎካከሩበት በዚያ ዘመን፣ የአማያ ሥዕል ከጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራና በልጅነቱ የተጫወታቸውን እንደ ሜትሮይድ ያሉትን የሚያስታውስ ነበረ። እርሱም ራሱን የጠራው «ፒክስል» ብሎ ነው፤ ነጠብጣብ ማለት ነው።

ሰው የወደደው ግን ዋጋ ስላልተከፈለበት ብቻ አይደለም። ማንነቱን የረሳ አንድ ሮቦት በአየር ላይ በተንሳፈፈች ደሴት፣ በዋሻ ውስጥ ይነቃል። በደሴቲቱ ጥንቸል የሚመስሉ ሚሚጋ የሚባሉ ፍጥረቶች ይኖራሉ። ዶክተር የሚሉት ሰው እነዚህን የዋሆች እያፈሰ፣ ቀይ አበባ አብልቶ እያሳበደ ሠራዊት ሊያደርጋቸው ይፈልጋል። ቶሮኮ የምትባለው ትንሿ ሚሚጋ ያን አበባ በቀመሰች ጊዜ፣ ሊያድናት የመጣው ሮቦት ራሷን ይወጋት ዘንድ ግድ ይሆንበታል። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ እጄን ከመጫወቻው አንሥቼ ጥቂት ተቀምጫለሁ። በነጠብጣብ የተሣለች ጥንቸል ታሳዝናለች ብሎ ማን ይገምታል?

ከዚያም አልፎ ሲሄድ ካዙማ የሚባል ሰው በዘንዶ ተቀምጠን ከዚህች ደሴት እንሽሽ ይለዋል። እሺ ማለት ይቻላል። እሺ ያለ ተጫዋች ግን በደሴቲቱ የቀሩትን ትቶ ይሄዳል፤ ጨዋታውም እዚያው ላይ ያልቃል። ቁጣ የለም፣ ተግሣጽ የለም። ብዙ መጽሐፍ በአሥር ገጽ ሊያስረዳን የሚደክመውን ይህ ጨዋታ በአንድ መልስ አድርሶታል።

ወዳጆቹ ያለ ደመወዝ ወደ እንግሊዝኛ መለሱትና ከጃፓን ወጣ። በ2010 ኒካሊስ የተባለው ድርጅት ከአማያ ጋር ሆኖ ለኒንቴንዶ ዊ አዘጋጀው፤ በነፃ የተሰጠውም በዋጋ መሸጥ ጀመረ። በ2011 አማያ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተደረገው የጨዋታ ሠሪዎች ጉባኤ ስለ ሥራው ተናገረ፤ በ2017 ደግሞ ጨዋታው ለኒንቴንዶ ስዊች ወጣ።

ይህ መንገድ ኋላ ብዙ እግር ረግጦታል። ዴሪክ ዩ ስፔላንኪን በ2008 አስቀድሞ በነፃ አውጥቶ ከዓመታት በኋላ አሳምሮ ሸጠው። ኤሪክ ባሮን ደግሞ ስለ ገበሬ ኑሮ የሚናገረውን ስታርዲው ቫሊን ሥዕሉንም ዜማውንም ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ሠርቶ በ2016 አቀረበ። ከሁሉ ይልቅ እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ግን የአማያ ተጫዋቾች ነገር ነው፤ ጨዋታውን ፈትተው አዲስ ዋሻና አዲስ ታሪክ እየጨመሩ የራሳቸውን አበጁበት፤ እርሱ ለራሱ ብሎ በሠራው የዜማ መሣሪያም እርሱ ያላሰበውን ዜማ ደረሱበት።