ዐባይን ስለ መለካት

ዐባይ ከደጋችን ተነሥቶ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። ምን ያህል ውኃ እንደሚወርድ መቍጠር ግን ብዙ ዘመን የተቀባዮቹ ሥራ ሆኖ ቆይቷል።

በካይሮ፣ በሮዳ ደሴት፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ861 ዓ.ም. የተሠራ የውኃ መለኪያ አለ። በጕድጓድ መካከል የቆመ፣ በክንድ የተከፋፈለ የእብነ በረድ ዓምድ ነው። ወንዙ በቦይ ገብቶ በዓምዱ ላይ ከፍ ሲል ሹማምንቱ ምልክቱን እያነበቡ የዓመቱን አዝመራና ግብር ይገምቱ ነበር። ያ ሙላት የኛ ክረምት ዝናብ ነበረ።

ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን መጠንን አይገልጽም። ስለዚህ የዛሬው ባለሙያ የወንዙን ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት ለክቶ ያባዛል፤ በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያልፍም ያገኛል። ዝናቡንና በፀሐይ የሚተነውንም ለየብቻ ይለካል።

በ1959 ግብፅና ሱዳን ከ84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ደልድለው የቀረውን 10 ለትነት አሰቡ። ለፀሐይ እንኳ ሲታሰብላት ኢትዮጵያ በውሉ አልነበረችም።

ነገር ግን ከ1958 እስከ 1964 መንግሥታችን ከአሜሪካ ባለሙያዎች ጋር ሸለቆውን አስጠንቶ ለግድብ የሚሆኑ ቦታዎች ተለዩ። በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ከእነዚህ በአንዱ አቅራቢያ ቆሟል።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ሒሳብና ፊዚክስን ለፈተና ብቻ አንማር። በውኃ ክርክር ላይ የሚደመጠው፣ ለክቶ የመጣ ነውና።