የደበዘዘ የሞተር መከላከያ፦ ከጦር አውሮፕላን እስከ ቁረይሻ መንገድ



በቁረይሻ፣ በገዳሪፍና በጋላባት መካከል በሞተር የሚመላለስ ነጋዴ ይህን ነገር ያውቀዋል። ሲገዛ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራው የነፋስ መከላከያ፣ ጥቂት በጋ ካለፈበት በኋላ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። እኩለ ቀን ላይ ያን ያህል አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው ፀሐይ ዝቅ ስትል ነው። ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት የሚወስደው መንገድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሚያመራ፣ ማልዶ የሚነሳ ሰው የምትወጣውን ፀሐይ ከፊቱ ይዞ ይነዳል። ማታ ሲመለስ ደግሞ የምትጠልቀውን። የደበዘዘ መከላከያ ያንን ብርሃን ይበትነውና ፊት ለፊቱን ሁሉ ነጭ ያደርገዋል። መንገድ የምታቋርጥ አህያ ወይም ሰሊጥ የጫነ ትራክተር የሚታየው ከተጠጉት በኋላ ነው።

ታዲያ ማጽዳት ይሻላል ወይስ መቀየር? መልሱ ዕቃው ከምን እንደተሠራ ይወሰናል፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ታሪኩን መከተል ይጠቅማል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በአማርኛ “መስታወት”፣ በሱዳን ዓረብኛ “ግዛዝ” እንለዋለን እንጂ የሞተር መከላከያ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። የመጀመሪያው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ሴሉሎይድ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ሃያት በ1870 አካባቢ ለገበያ ያበቃው ነው። የጥንቶቹ መኪኖች የጎን መጋረጃ መስኮት ከእሱ ይሠራ ነበር። ሆኖም ፀሐይ ሲመታው ይቢጫል፣ ይሰነጠቃል፤ እሳት ከነካው ደግሞ እንደ ጭድ ይነዳል።

መፍትሔው የመጣው ከጀርመን ነው። በ1933 የኦቶ ሮም ኩባንያ ፕሌክሲግላስ የተባለውን አክሪሊክ በስሙ አስመዘገበ። እንግሊዞችም በዚያው ሰሞን ፐርስፔክስ ብለው የራሳቸውን አወጡ። ክብደቱ የመስታወት ግማሽ ያህል ነው፤ ከሚያርፍበት ብርሃን 92 በመቶውን ያሳልፋል፤ ሲሞቅም እንደተፈለገው ይታጠፋል። አውሮፕላን ሠሪዎች ወዲያው ወሰዱት። ብዙም ሳይቆይ የዓለም ጦርነት ተነሳ።

ያ ጦርነት የእኛንም መንገድ ረግጦ አልፏል። ኖቬምበር 6 ቀን 1940 በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የህንድ ብርጌድ በጋላባት ምሽግ ላይ ጥቃት ከፈተ። በሰማይ ላይ የእንግሊዝ ወገን ግላዲያተሮችና የኢጣሊያ ፊያት ሲአር 42 አውሮፕላኖች ተገናኙ። የግላዲያተር አብራሪ በዝግ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። የፊያቱ አብራሪ ግን ልክ እንደ ሞተረኛ ከፊቱ አንዲት ትንሽ መከላከያ ብቻ ነበረችው። የዚያን ዕለት በርካታ ግላዲያተሮች ተመትተው ወደቁ። ስሊም ምሽጉን ቢይዝም ከአየር በወረደበት ቦምብ ምክንያት ለማፈግፈግ ተገደደ። ዛሬ ከመተማ ዮሐንስ ድልድዩን ተሻግረን ሰሊጥና ቡና የምናሳልፍበት ቦታ ያ ነው።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በእንግሊዝ ሰማይ የአንድ ተዋጊ አውሮፕላን መከለያ በጥይት ተሰባብሮ ስብርባሪው በአብራሪው ዓይን ውስጥ ገባ። የዓይን ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ የዚህንና የሌሎች አብራሪዎችን ዓይን ሲከታተል አንድ ነገር አስተዋለ፤ የፐርስፔክስ ስብርባሪ ዓይን ውስጥ ቢቀመጥም አያስቆጣም። ከዚህ ተነሥቶ በኖቬምበር 1949 ለንደን በሚገኘው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ከዚሁ ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ ተከለ። እኛ “የዓይን ሞራ” የምንለው፣ ዓረቦች “ነጭ ውሃ” የሚሉት ሕመም ዛሬ በቀዶ ሕክምና የሚድነው በዚያ መንገድ ነው። ሥራው ወደ አካባቢያችንም ደርሷል። የአውስትራሊያው የዓይን ሐኪም ፍሬድ ሆሎውስ ካረፈ በኋላ፣ በስሙ የተቋቋመው ድርጅት በ1994 አስመራ ውስጥ የሌንስ ማምረቻ ከፍቷል። ሞራ የለበሰ የዓይን ሌንስ ተወልውሎ አይጠራም፤ ወጥቶ በሌላ ይተካል። የሞተር መከላከያ ግን አንዳንዱ ይወለወላል፣ አንዳንዱ ይተካል።

ልዩነቱን ያመጣው የታሪኩ ሦስተኛ ምዕራፍ ነው። በ1953 በጀርመን ሄርማን ሽኔል፣ በአሜሪካ ዳንኤል ፎክስ ሳይነጋገሩ ፖሊካርቦኔት የተባለውን ፕላስቲክ ሠሩ። ይህኛው በመዶሻ ቢመታ እንኳ በቀላሉ አይሰበርም። ዛሬ የብዙ ሄልሜቶች መነጽርና የአዳዲስ መኪኖች የፊት መብራት ሽፋን ከእሱ ነው። ሁለት ድካም ግን አለበት፦ በቀላሉ ይጫራል፣ ፀሐይም ያቢጨዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ከላይ በዓይን የማይታይ ጠንካራ ሽፋን ይቀባዋል። ዕድሜው የዚያ ሽፋን ዕድሜ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ሁኔታ እንመለስ። የገዳሪፍ ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። በ1944 ገደማ በገደምበሊያ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ ከተጀመረ ወዲህ ማሽላና ሰሊጥ ሜዳውን ሞልተውታል። በጋ ላይ የትራክተርና የጭነት መኪና ጎማ መንገዱን አቧራ ያደርገዋል። በአቧራው ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት ከፕላስቲክ ብቻ ሳይሆን ከመስታወትም ይጠነክራል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ፀሐዩም አያባራም። በዚህ ላይ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ወይም በሽርጥ ጫፍ መጥረግ በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈተግ ነው። በቤንዚን መጥረግ ይብሳል። ቤንዚን፣ አልኮልና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ፕላስቲኩን እንደ ሸረሪት ድር ያሰነጥቁታል፤ ይህ ስንጥቅ ከገባ በምንም ውልወላ አይወጣም።

ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን ለዩ። ጠርዙ ላይ “ፒሲ” ወይም “ሌክሳን” የሚል ምልክት ካለ ፖሊካርቦኔት ነው። “ፕሌክሲግላስ” ካለ አክሪሊክ ነው። ምልክት ከሌለው ከተሰበረ ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ወስዳችሁ፣ ከቤንዚን ርቃችሁ በእሳት ሞክሩ። አክሪሊክ ፍራፍሬ ፍራፍሬ እየሸተተ ሳይጠፋ ይነዳል። ፖሊካርቦኔት ጥቁር ጭስ ያወጣና እሳቱ ሲነሳለት ይጠፋል።

አክሪሊክ ከሆነ ውልወላ ያዋጣል። በብዙ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አቧራውን አስለቅቁ። ከዚያ በውሃ በሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት ከ1000 ጀምራችሁ 1500፣ 2000፣ ቢገኝ 3000 ቁጥር ድረስ ውረዱ። በመጨረሻ በመኪና ፖሊሽና በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጨርሱ። የጥርስ ሳሙና የሚሠራው ለቀላል ጭረት ብቻ ነው። ዕቃው እስከ ውስጥ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዳግመኛ ሲደበዝዝም እንደገና መወልወል ይቻላል።

ፖሊካርቦኔት ሲወለወል ለጥቂት ጊዜ ይጠራል፤ ነገር ግን መከላከያ ሽፋኑ አብሮ ስለሚፋቅ በወራት ውስጥ ከበፊቱ ብሶ ይቢጫል። ፀሐይ የሚከላከል ቅባት ካላገኛችሁለት ገንዘቡን ለአዲሱ አስቀምጡት።

ለመቀየር የግድ የኩባንያውን ዕቃ መጠበቅ የለባችሁም። ጦርነቱ በኤፕሪል 2023 ከተነሳ ወዲህ ኢስቤር እንደ ልብ አይገኝም። የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠሩ ሰዎች የአክሪሊክ ጣውላ አላቸው። አሮጌውን እንደ ልክ አድርጋችሁ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን አስቆርጡ። የቡሎን ቀዳዳው ከቡሎኑ በ2 ሚሊሜትር ይስፋ፣ የጎማ ሮንዴላም ይግባበት። ምክንያቱም የግማሽ ሜትር አክሪሊክ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ 1 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። ቡሎኑ ጨምድዶ ከያዘው ከቀዳዳው ተነሥቶ ይሰነጠቃል። ቁመቱንም ከዓይናችሁ መስመር ጥቂት ዝቅ አድርጉት። ነፋሱ ከላይ ያልፋል፣ መንገዱን ግን የምታዩት በመከላከያው ሳይሆን ከመከላከያው በላይ ነው።

ለመወሰን አንድ ቀላል ፈተና አለ። ሌሊት ሞተሩን አቁማችሁ በመከላከያው በኩል የሩቅ መብራት ተመልከቱ። በመብራቱ ዙሪያ ሰፊ ነጭ ክብ ከታያችሁ ያ መከላከያ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መንገዱን ይደብቅባችኋል። ከወለወላችሁት በኋላም ክቡ ካልጠፋ ፈትታችሁ አስቀምጡት። አዲሱ እስኪገኝ በነፋስ መነዳት ሳያዩ ከመንዳት ይሻላል።

መልካም መንገድ፣ በሰላም ግቡ።