ርካሽ የአይሮፕላን ኩባንያ የአውራጃ ማረፊያን ትቶ የሚወጣበት ምክንያት

ወደ አንድ ከተማ የአይሮፕላን መንገድ ሲከፈት ጋዜጦች ብዙ ይጽፋሉ፤ ሹማምንት ንግግር ያደርጋሉ፤ ሪባን ይቈረጣል። መንገዱ ሲዘጋ ግን ወሬው በአንድ ሳምንት ያልቃል፤ ምክንያቱንም አጥብቆ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይኸንኑ ችላ የተባለውን ወገን ነው፤ ይኸውም በርካሽ ዋጋ የሚያመላልስ ኩባንያ ወደ አንድ የአውራጃ ከተማ ከገባ በኋላ ስለ ምን ትቶ ይወጣል የሚለው ጥያቄ ነው። ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው ከአውሮፓ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ንግድ በዚያ እጅግ ከመስፋቱም በላይ በፍርድ ቤት መዝገብ ገብቶ ሊመረመር ስለ ቻለ ነው። የተለየ ካላልን በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የንግዱ አመጣጥ

የነገሩን ሥር ለማግኘት መጀመሪያ ወደ አሜሪካ መሻገር ያስፈልጋል። ሳውዝዌስት የተባለው ኩባንያ በ1971 በቴክሳስ ውስጥ በዳላስ፣ በሂውስተንና በሳን አንቶኒዮ መካከል ማመላለስ ጀመረ። በ1972 ገንዘብ ቢያጥረው ከአራቱ አይሮፕላኖች አንዱን ሸጠ፤ ነገር ግን የበረራውን ብዛት ላለመቀነስ ሲል፣ አንድ አይሮፕላን ካረፈ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሰውና ዕቃ አራግፎ፣ ሌላ ጭኖ እንዲነሣ አደረገ። ከችግር የተወለደው ይህ ዘዴ ኋላ ለርካሽ ኩባንያዎች ሁሉ መመሪያ ሆነ። ፍሬ ነገሩም፣ አይሮፕላን ገንዘብ የሚያገኘው ሲበር ነው፤ መሬት ላይ ሲቆም ግን ወጪው እንጂ ገቢው አይታይም የሚል ነው።

በ1985 በረራ የጀመረው የአየርላንዱ ራያንኤርም ከብዙ ኪሳራ በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይኸንኑ የሳውዝዌስትን መንገድ ተከተለ። አንድ ዓይነት አይሮፕላን መያዝ፣ በ25 ደቂቃ ውስጥ መልሶ መነሣት፣ ለምግብና ለሻንጣ ለየብቻ ማስከፈል፣ እንዲሁም ዋጋው ከሚወደደው ከታላቅ ከተማ ጣቢያ ይልቅ በዳር ያለውን ርካሽ ሜዳ መምረጥ የአሠራሩ አዕማድ ሆኑ።

ይሁን እንጂ ሕጉ ባይለወጥ ኖሮ ይህ አሠራር በአውሮፓ ሁሉ ባልተስፋፋ ነበር። ቀድሞ ማን ከየት ወደ የት እንደሚበር፣ ብዙ ጊዜም በምን ዋጋ እንደሚያሳፍር የሚወሰነው መንግሥታት በመካከላቸው በሚያደርጉት ስምምነት ነበር። ከ1993 ጀምሮ ግን የአውሮፓ ኅብረት ኩባንያዎች በአባል አገሮች መካከል በፈለጉት መንገድና በፈለጉት ዋጋ እንዲበሩ ተፈቀደ፤ በ1997ም በሌላው አባል አገር ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ ማመላለስ ተጨመረላቸው። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ እንዲልልን እንሻለን። ኩባንያው በፈለገበት ይገባ ዘንድ የከፈተለት ሕግ፣ በፈለገ ጊዜ የሚወጣበትንም በር አብሮ ከፍቶለታል።

ለ. የሁለቱ ወገኖች ሒሳብ

የአይሮፕላን ማረፊያ ሀብቱ ሁሉ በመሬት ላይ የተተከለ ነው። አንድ አይሮፕላን ቢመጣም ሃያ ቢመጡም የእሳት አጥፊዎቹ ደመወዝ ይከፈላል፤ የመቈጣጠሪያው ማማ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ የማኰብኰቢያው አስፋልት ይጠገናል። ስለዚህ ባዶ ሜዳ ይዞ የተቀመጠ የከተማ አስተዳደር ማንኛውም እንግዳ ቢመጣ ከባዶ ይሻላል ብሎ ቢያስብ የሚያስነቅፈው አይደለም። የኩባንያው ሀብት ግን ተንቀሳቃሽ ነው። ራያንኤር 189 መቀመጫ አድርጎ የሚያበረው ቦይንግ 737-800 ዛሬ ከፈረንሳይ ሜዳ ቢነሣ፣ በሚቀጥለው ወር በፖላንድ ሊሠራ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙ ሰው ይስተዋል። መንገድ ሲዘጋ ኩባንያው ከስሮ ነው ይባላል፤ ነገር ግን መንገዱ ጥቂት እያተረፈም ሊዘጋ ይችላል። ኩባንያው የሚጠይቀው እዚህ አተርፋለሁን ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ይኸው አይሮፕላን በሌላ ቦታ ቢሠራ የበለጠ አያተርፍምን ብሎ ነው። አይሮፕላን ባነሰ ጊዜ ጥያቄው ይጠነክራል። በ2019 ቦይንግ 737 ማክስ የተባለው አይሮፕላን ከሁለት አደጋዎች በኋላ ከበረራ ታገደ። ከአደጋዎቹ ሁለተኛው በአገራችን አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አጠገብ የ157 ሰዎች ሕይወት የጠፋበት፣ ሐዘኑ የራሳችን የሆነ ነው። ራያንኤርም ይኸንኑ ዓይነት አይሮፕላን አዝዞ ይጠብቅ ስለ ነበር፣ ርክክቡ ሲዘገይ አንዳንድ ጣቢያዎቹን እንደሚቀንስና እንደሚዘጋ በዚያው ዓመት አስታወቀ። እንዲህ ባለው ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ደካማው መንገድ ነው።

ሁለተኛው ነገር የመንገደኛው ጠባይ ነው። ከርካሽ ኩባንያ መንገደኞች ብዙዎቹ የግድ መሄድ ያለባቸው አይደሉም፤ ዋጋው ዝቅ ቢል ይሄዳሉ፤ ከፍ ቢል በቤታቸው ይቀራሉ። ከተማይቱ ግን መንገደኞቹ የእርስዋ ይመስሏታል። ማረፊያው በያንዳንዱ ሰው ላይ ጥቂት ዩሮ ለመጨመር ሲነሣ ኩባንያው ለመውጣት የሚዝተው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሐ. የአንጉሌም ነገር

አንጉሌም በምዕራብ ፈረንሳይ በሻራንት አውራጃ የምትገኝ፣ ቀድሞ በወረቀት ሥራ የታወቀች መካከለኛ ከተማ ናት። በሻራንትና በዙሪያው ብዙ እንግሊዛውያን ቤት ገዝተው ስለ ሰፈሩ፣ ከሎንዶን ጋር የሚያገናኝ መንገድ መፈለጉ የሚያስደንቅ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2008 ማረፊያውን የሚያስተዳድረው የአካባቢው የሕዝብ ማኅበር ከራያንኤርና የራያንኤር ከሆነ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር ተዋዋለ። በአንደኛው ውል ኩባንያው ከማረፊያው አገልግሎት ይገዛል፤ በሁለተኛው ውል ማረፊያው ከኩባንያው ድርጅት ማስታወቂያ ይገዛል። ውሎቹ ለየብቻ ቢጻፉም፣ የአውሮፓ ኮሚሲዮን በኋላ አንድ ላይ አድርጎ ሲያሰላቸው ማረፊያውን ለኪሳራ የሚዳርጉ ሆነው አገኛቸው።

ውሉ የተጻፈው ለአምስት ዓመት ነበር። ዳሩ ግን ሁለት በጋ ብቻ ከተሠራበት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2010 ኩባንያው መንገዱን እንደማይቀጥል አስታወቀ። ምክንያቱን ለመረዳት ካርታ መመልከት ይጠቅማል። ከአንጉሌም መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ሊሞዥ፣ ፗቲዬና ቦርዶ የየራሳቸው የአይሮፕላን ማረፊያ አላቸው። ወደ ሻራንት የሚመጣው እንግሊዛዊ በአንዱ ወርዶ በመኪና ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አንጉሌም ብትቀር ኩባንያው መንገደኞቹን ሁሉ አያጣም፤ አንጉሌም ግን ኩባንያው ቢቀር የሎንዶን መንገዷን ሁሉ ታጣለች። ከሁለቱ ተዋዋዮች አንዱ አማራጭ ብዙ፣ ሌላው አማራጭ የለሽ ሲሆን የውሉ ዘመን በወረቀት ላይ ብቻ የተጻፈ ሆኖ ይቀራል።

ማኅበሩ በዚህ ዝም አላለም፤ ወደ ፗቲዬ አስተዳደራዊ ፍርድ ቤት ሄደ። ነገር ግን በውሉ ውስጥ ክርክር ቢነሣ በሎንዶን የግልግል ዳኞች ይታያል የሚል ቃል ነበረና፣ የፈረንሳይ አውራጃ ማኅበር ስለ ራሱ ሜዳ ለመከራከር ባሕር መሻገር ግድ ሆነበት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ያሉት አባቶች ይኸን ዓይነቱን ሳያዩ አልቀሩም።

የአውሮፓ ኮሚሲዮን ደግሞ በጁላይ 2014 ራያንኤር ከአንጉሌም ያገኘው ጥቅም ሕግ የማይፈቅደው የመንግሥት ርዳታ ነው ብሎ 868,000 ዩሮ ያህል እንዲመልስ ወሰነ፤ በዚያው ቀን ስለ ፖና ስለ ኒም ማረፊያዎችም ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጠ። ገንዘቡ ግን በቶሎ አልተጠናቀቀም። በመጨረሻም ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ከቦርዶ ወደ ሎንዶን ሊነሣ የተዘጋጀ የራያንኤር ቦይንግ 737 በፈረንሳይ ሹማምንት ትእዛዝ ተያዘ። 149 መንገደኞች ወርደው በሌላ አይሮፕላን እስኪሄዱ አምስት ሰዓት ያህል ቆዩ፤ ኩባንያውም የቀረበትን 525,000 ዩሮ ገደማ ከፍሎ አይሮፕላኑን አስለቀቀ። በሚከተለው ወር የአውሮፓ ፍርድ ቤት የ2014ቱን ውሳኔ አጸና።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። መንገዱ ከተዘጋ ከስምንት ዓመት በኋላ እንኳ ገንዘቡን ለማስመለስ የተገኘው መንገድ፣ በሌላ ከተማ ሜዳ ላይ ለጥቂት ደቂቃ የቆመውን አይሮፕላን መያዝ ነበር።

መ. ከወንዝ ማዶ

የስትራስቡርግ ታሪክ አጭር ቢሆንም ይኸንኑ ያጠናክራል። ራያንኤር በኦክቶበር 2002 ከሎንዶን ወደዚያ መብረር ጀመረ። የኤር ፍራንስ ቅርንጫፍ የነበረው ብሪት ኤር ግን ለራያንኤር የተሰጠው የሕዝብ ገንዘብ ውድድሩን ያበላሻል ብሎ ከሰሰ፤ በጁላይ 2003 የከተማይቱ አስተዳደራዊ ፍርድ ቤት ውሉን ሻረ። ኩባንያው ይግባኙ እስኪወሰን አልጠበቀም፤ በሴፕቴምበር መንገዱን ከራይን ወንዝ ማዶ በጀርመን ወዳለው የባደን ባደን ሜዳ አዛወረ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2003 ፍርዱን ሲያጸና በስትራስቡርግ የቀረ የራያንኤር አይሮፕላን አልነበረም።

ሠ. የሚቃረን ምስክር

አንድ ወገን ብቻ አይተን እንዳንፈርድ የሻርለሯን ነገር መመልከት ይገባናል። ሻርለሯ በቤልጂክ የድንጋይ ከሰልና የብረት ሥራዋ የተዳከመባት ከተማ ናት። ራያንኤር በ2001 በዚያ ጣቢያ ሲያቋቁም ማረፊያውና የዋሎን መንግሥት ብዙ ቅናሽ ሰጡት። ኮሚሲዮኑ በ2004 ከርዳታው ከፊሉ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ግን በ2008 ውሳኔውን ሻረው። ኩባንያውም አልወጣም፤ በ2024 በማረፊያው ያለፉት መንገደኞች ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆኑ።

ታዲያ አንጉሌም ያጣችውን ሻርለሯ በምን አገኘች? ሻርለሯ ከብራስልስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ በዙሪያዋም ሚሊዮኖች ይኖራሉ። ቅናሹ በሩን ከፈተ እንጂ ኩባንያውን ያቆየው የሕዝቡ ብዛት ይመስለናል። ሕዝብ በሌለበት ቅናሽ ብቻ ይዞ መንገደኛ መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

የጀርመኑ ሐን ማረፊያም በሁለቱ መካከል ይቆማል። ሐን የአሜሪካ ጦር በ1993 የለቀቀው ሜዳ ሲሆን፣ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ራያንኤር በ1999 ገብቶ በዓመት እስከ አራት ሚሊዮን የሚደርስ መንገደኛ አመጣለት። በ2017 ግን ታላቁ የፍራንክፈርት ጣቢያ ራሱ ለአዲስ ገቢዎች ቅናሽ ሰጥቶ ራያንኤርን ተቀበለ። የሐን ዋና ሀብት የፍራንክፈርት ውድነት ነበረና ያ ሲቀንስ የእርሱም ዋጋ ቀነሰ፤ በ2021 ማረፊያው ዕዳውን መክፈል አቅቶት ለፍርድ ቤት አስታወቀ።

ረ. ስለ ቀረጥ

ኩባንያዎች ሲወጡ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ምክንያት ቀረጥና የማረፊያ ዋጋ ነው። ዴንማርክ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በመንገደኞች ላይ ቀረጥ ስትጥል፣ ራያንኤር አልቦርግን ፈጽሞ ለቀቀ፤ በቢሉንድ ያለውንም ጣቢያ ዘጋ። በዚያው ዓመት በስፔን የማረፊያ ዋጋ በዛ ብሎ ከቫያዶሊድና ከኼሬስ ወጣ። ምክንያቱ ሐሰት ነው አንልም፤ ስዊድን በ2025 የራስዋን ቀረጥ ስታነሣ ኩባንያው በዚያ በረራ ጨምሯልና። ነገር ግን የዴንማርክ ቀረጥ በኮፐንሃገንም ላይ ተጥሏል፤ ኩባንያው ግን ወደ ኮፐንሃገን መብረሩን አልተወም። ስለዚህ ቀረጥ ለመውጣት ምክንያት ቢሆንም፣ ከየትኛው ከተማ እንደሚወጣ የሚወስነው የከተማው ጕልበት ነው።

ሰ. መደምደሚያ

እንግዲህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ርካሽ ኩባንያ የአውራጃ ማረፊያን የሚለቀው በክፋት አይደለም፤ ሁልጊዜ በኪሳራም አይደለም። የሚለቀው አይሮፕላኑ በሌላ ቦታ የበለጠ የሚያገኝ ሲሆንና በዚያ ከተማ የሚያቆየው ነገር ሳይኖር ሲቀር ነው። ሕዝብ ሲያንስ፣ ጎረቤት ማረፊያ ሲቀርብ፣ ዋጋ ሲጨመር ወይም ርዳታ ሲቋረጥ ይህ ሰዓት ይፈጥናል።

ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ስለ ገንዘቡ ባለቤት ነው። የሻራንት ገበሬ ወደ ሎንዶን በርሮ የማያውቅ ቢሆንም፣ የመንገደኛው ቲኬት እንዲረክስ ከተከፈለው የሕዝብ ገንዘብ የእርሱም ድርሻ አለበት። ሆቴሉ፣ መኪና አከራዩና ቤት ሻጩ በእነዚያ ሁለት በጋዎች ተጠቅመዋል፤ ጥቅሙም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ጥቅሙ ለጥቂቶች ሲደርስ ወጪው በሁሉ ላይ ወደቀ። በሕዝብ ስም የሚፈርሙ ሹማምንት ሪባን ከመቍረጣቸው በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቁ ይገባል፤ ርዳታው ቢቆም መንገደኛው ይኖራልን? ኩባንያው ቢወጣ ምን ያጣል? ክርክር ቢነሣ ዳኛው የት ይቀመጣል? አንጉሌም ለሦስቱም መልስ ያገኘችው ከፈረመች በኋላ ነበር።