ጄላቲ በጎንደር ፒያሳ

እሁድ ከሰዓት ቤተሰቤን ይዤ አይስክሬም ልጋብዝ ፒያሳ ወጣሁ። ባለቤቴ፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ፣ አባቴ፣ እንዲሁም ፊዚክስ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ከነባለቤቱ ነበርን። የመምህርን ደመወዝ ታውቁታላችሁ፤ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ሁሉም አዘዘ። አባቴ ግን "ለኔ ሻይ" አሉ። አስተናጋጇ "አባባ፣ ጄላቲ አይሞክሩም?" ስትላቸው "የጣሊያን ነገር አልበላም" ብለው ዝም። ልጄ ወደኔ ዞረችና "አባዬ፣ ጄላቲ የጣሊያን ነው እንዴ?" አለች። የታሪክ መምህር ነኝ ባይ፣ በል እንግዲህ መልስ!

ቃሉ አዎ፣ የጣሊያን ነው። ያውም ብዙ ቁጥር ነው። አንዱ ጄላቶ ነው፣ ሲበዛ ጄላቲ ይሆናል፤ እኛ ብዙውን ወስደን ለአንዱ አደረግነው። የተቀመጥንበት ፒያሳም "አደባባይ" ማለት ነው። ጣሊያን ጎንደርን "አማራ" ላለው ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ስለነበር ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን የሠራው ያኔ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ፈተና ላይ "ጣሊያን መቼ ወጣ?" ስል ሁሉም 1933 ይለኛል። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፣ ልክ። ጎንደር ግን ያኔ ገና በጠላት እጅ ነበረች። ቁልቋል በር የተያዘው ህዳር 12 ቀን 1934 ነው፤ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ደግሞ ህዳር 18። ሸገር ነጻነቷን ካከበረች በኋላ እኛ ጋ ከስድስት ወር በላይ ሰው ይሞት ነበር። የአባቴ አጎት የወደቁት በነዚያ ወራት ነው። አባቴ አላዩአቸውም፤ የኋላ ልጅ ናቸው። ስማቸውን ግን ለአባቴ አወጡላቸው። እንግዲህ ሻይ ያዘዙት ሰውዬ በሟች ስም ነው ሰባ ዓመት የተጠሩት።

ይህን እያወቅሁም አፌ አላረፈም። "አባ፣ ነገሩ እኮ የጣሊያን መንግሥት አይደለም" አልኩ። ፕሮኮፒዮ የሚባል የሲሲሊ ሰው ፓሪስ ላይ ካፌ ከፍቶ አይስክሬም መሰል ነገር መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1686 ነው። ጣሊያን አንድ አገር የሆነችው በ1861 ነው። ጓደኛዬም ገባበት፦ በረዶ ላይ ጨው ሲነሰነስ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ይወርዳል፤ ወተቱን የሚያረጋው ይኸው ነው አለ። ለባሩድ በሚሆነው ጨው ውሃ ማቀዝቀዝን ደግሞ ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ የተባለ የዓረብ ሐኪም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። በእጅ የሚዞረውን መሥሪያ በ1843 ያስመዘገበችው ናንሲ ጆንሰን የምትባል አሜሪካዊት ናት። ጨው ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ሴትዮዋ፣ ስንቱ እጅ አለበት!

አባቴ ሰሙኝ። ሻያቸውን አማሰሉና "እሱስ ይሁን። እዚህ ያመጣው ግን ማነው?" አሉ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ልጄ ኮኗ እየቀለጠ እጇ ላይ ወርዷል። "አባባ፣ ስሙን ብንቀይረውስ? የወተት በረዶ ብንለው?" አለቻቸው። አባቴ ሳቁ። "የወተት በረዶማ እበላለሁ" ብለው በሻይ ማንኪያ ሁለት ጊዜ ቀመሱ፤ ሦስተኛውን ግን ጥርሳቸውን ይዘው መለሱላት።

ሂሳቡን የከፈለው የፊዚክስ መምህሩ ነው። እኔ በሚቀጥለው ወር።

የጎንደር ልጆች፣ ከሚያዝያ እስከ ህዳር ስለነበሩት ወራት ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ጻፉልኝ። የአባቴ አጎት የት እንደወደቁ እስካሁን አናውቅም።