ቃል ተሸካሚዎች፤ አስተርጓሚነት በካምባና በጋሞ ደጋዎች

ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከቦንኬ ተራሮች ባሻገር የሚገኘው የካምባ አገር እንደሌሎቹ የጋሞ «ዴሬዎች» ሁሉ በ1880ዎቹ መጨረሻና በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ሲገባ፣ ገዥና ተገዥ የሚነጋገሩበት የጋራ ልሳን አልነበረም። ከሸዋና ከሰሜን የመጣው ሹም፣ መልከኛውና ነፍጠኛው በአማርኛ ያዝዛል። ገበሬው የሚናገረው ከኦሞቲክ ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን ጋሞኛን ነው። ግብር ሲጣል፣ ገባር ሲደለደል፣ ወሰን ሲካለል፣ ነገር በችሎት ሲሰማ ቃሉ ሁሉ በአንድ ሰው አፍ ማለፍ ነበረበት። ስለ ገዥው፣ ስለ ባላባቱና ስለ ገባሩ ብዙ ተጽፏል። ስለዚህ ባለ ሁለት ልሳን ሰው ግን የተጻፈው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

አስተርጓሚው ማን ነበር? ከሹሙ ደጅ የማይርቅ፣ በነፍጠኛ ቤት አድጎ አማርኛ የለመደ ሰው መኖሩ አያጠራጥርም። ነገር ግን ባለጉዳይ ገበሬ የሹሙን ሰው እንዴት ይመን? የራሱን ሰው ይፈልጋል። ይህን ሰው ደግሞ ያፈራው በዋናው ሸማኔነትና ንግድ ነው። የጋሞ ደጋ ሕዝቡ የበዛ፣ መሬቱ የጠበበ በመሆኑ ወንዱ መወርወሪያውን ይዞ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች መጓዝ የጀመረው ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች መንደር የዚሁ ጉዞ ውጤት ነው። ሸማኔው በከተማ ሸማ ሲሸጥ፣ ዋጋ ሲከራከር፣ የቤት ኪራይ ሲዋዋል አማርኛን ከሕይወት ተማረ። ለመስቀል በዓል ወደ አገሩ ሲመለስም ዘመድና ጎረቤት የሚጠብቀው ይዞት ለሚመጣው ልብስና ስጦታ ብቻ አልነበረም፤ ለአንደበቱም ጭምር ነበር።

በዚያን ዘመን የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች፤ አርባ ምንጭ ተቆርቁራ ተራዋን የተረከበችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከካምባ ተነሥቶ ጨንቻ ለመድረስ ሸለቆ እየወረዱ፣ ተራራ እየወጡ በእግር ቀናት መጓዝ ግድ ይላል። አስተርጓሚው ከባለጉዳዩ ጎን ይሄዳል፤ ስንቁ የባለጉዳዩ፣ ማደሪያው የባለጉዳዩ፣ የድካሙ ዋጋም ከባለጉዳዩ ነው። ነገሩ በአንድ ቀን ካለቀ ደግ ነው። ቀጠሮ ከተሰጠ ግን መንገዱ እንደገና ይጀመራል። ችሎቱ በተራዘመ ቁጥር ገበሬው እየደኸየ፣ አስተርጓሚው የዕለት እንጀራውን እያገኘ ይሄዳል። ይህ የአንድ ሰው ክፋት ሳይሆን የሥርዓቱ ጠባይ ነው። የመንግሥትን ቋንቋ የማያውቅ ዜጋ ፍርድን ብቻ ሳይሆን ፍርድ ፊት የሚናገርበትን አፍም በገንዘብ እንዲገዛ ተፈርዶበት ነበር። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛን የመንግሥቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አድርጎ ሲደነግግ፣ ቀድሞ በልማድ የነበረውን ነገር በሕግ አጸናው።

የከፋው ፈተና ግን ያለው በቃላቱ ውስጥ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በዘር ይራራቁ እንጂ የሚመሳሰሉ ድምፆች አሏቸው፤ ወጥመዱም እነዚሁ ናቸው። ጋሞዎች «ሀላቃ» የሚሉትን አስተርጓሚ «አለቃ» ብሎ ቢያልፈው ማን ይጠረጥረዋል? የጋሞ ሀላቃ ግን ጉባኤ የሚመርጠው፣ ለሕዝቡ ድግስ የሚደግስ፣ በሹመቱ ዘመን በብዙ ክልከላ የታሰረ ሰው ነው። ሥልጣኑ ከማዘዝ ይልቅ መታዘዝ የበዛበት ነው። እሱን በአማርኛ «አለቃ» ያለ ሹም፣ ግብር ሲጎድል ተጠያቂውን አገኘሁ ብሎ ቢይዘው አይገርምም። «ካዎ»ም እንዲሁ ነው። ስለ አገሩ መሥዋዕት የሚያቀርበው ሰው በመንግሥት መዝገብ ላይ «ባላባት» ሆነ፤ በዚያው ቃል ሳቢያም የመሥዋዕቱ ሰው የግብርና የትእዛዝ ሰው እንዲሆን ተደረገ። «ዱቡሻ»ን «አደባባይ» ማለት ሜዳውን ያሳያል እንጂ፣ በዚያ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ እስኪስማማ ድረስ የሚመክረውን ሕዝብ አያሳይም።

ከሁሉም የሚከብደው «ጎሜ» ነው። የአባቶችን «ዎጋ» የጣሰ ሰው ጎሜ ይይዘዋል፤ በሽታው፣ የሰብሉ መጥፋት፣ የከብቱ ማለቅ ከዚያ ይመጣል ተብሎ ይታመናል። መፍትሔው በሰው ፊት ተናግሮ መታረቅ ነው። እንግዲህ በወሰን የተካሰሰ ገበሬ በችሎት ቆሞ «ጎሜ አለብኝ» ቢል፣ እርቅ መለመኑ ነው። አስተርጓሚው «ጥፋቴን አምናለሁ» ብሎ ካቀረበው ግን ጸሐፊው የሚመዘግበው የእምነት ቃል ነው። በመድረክ ላይ ሳቅ የሚያስነሣ እንዲህ ያለ ስሕተት፣ በችሎት ላይ መሬት ያስነጥቃል። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛውና በጣሊያንኛው ቅጂ መካከል ባለው የአንድ ግሥ ልዩነት መንግሥታትን ወደ አድዋ እንዳደረሰ እያንዳንዱ ተማሪ ያውቃል። የካምባው ገበሬ 17ኛ አንቀጽ ግን መዝጋቢ አልነበረውም።

የውጭ ተጓዦችም በዚህ ምድር አልፈዋል። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1888 ዓ.ም. አባያ ሐይቅ ደርሶ በንግሥቱ ስም «ማርገሪታ» ብሎ ሰየመው፤ ነባሩን ስም ሰምቶ ለማለፍም ሆነ ለማክበር ፈቃድ ይጠይቃል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመጡት ተመራማሪዎች፣ ዳን ስፐርበር በዶርዜ፣ ማርክ አቤሌስ በኦቾሎ፣ ጁዲት ኦልምስቴድ በዶርዜና በዲታ፣ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ጆሮ ይዘው ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅና የእድገት በኅብረት ዘማቾች በየገጠሩ ሲሠማሩ፣ ተጓዡ አስተርጓሚ አዲስ ባልደረባ አገኘ፤ ይኸውም የአካባቢው ተማሪ ነው። ዋጋ አይጠይቅም፤ ለአዋጁም ይቆረቆራል። ይሁንና «መሬት የሕዝብ ሆነ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም፣ ለአድማጩ ቅርብ የሆነው «የዴሬ ሆነ» ማለት ነው። ዴሬ ደግሞ አገርም፣ በዚያ አገር የሚኖረው ማኅበረሰብም ነው። ገበሬው የሰማው የራሱ ዴሬ መሬቱን እንደ መለሰ ሊሆን ይችላል፤ አዋጁ የተናገረው ስለ መላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ ወላይትኛ ከመካከላቸው ተቆጠረ፤ ጋሞኛ ግን አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ንግግር አዋሕዶ «ወጋጎዳ» የሚል የመማሪያ ቋንቋ ለማበጀት የተደረገው ሙከራ በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ተሰረዘ። አስተርጓሚን በመጽሐፍ ለመተካት የታሰበበት ይህ ሙከራ ራሱ አስተርጓሚ አጥቶ ወደቀ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው ደንግጓል። በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7ም የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት መብት ሰጥቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም አንቀጹ የሚናገረው ስለ ተከሰሱ ሰዎች ነው። በወሰን፣ በውርስና በይዞታ ስለሚከራከር ሰው በዚያ ስፍራ አላነሣም። ከካምባ ቀበሌዎች ሰውን ወደ ችሎት የሚያስኬደው ደግሞ ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ መሬት ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋም አማርኛ በመሆኑ፣ ጋሞኛ ብቻ የሚናገሩት አዛውንት አሁንም ከተማ የኖረ ልጃቸውን ወይም የጎረቤታቸውን ልጅ ከጎናቸው አቁመው ይቀርባሉ።